በወረዳ ከተማ የርቀት ሥራ ማዕከል ለመክፈት፦ ደረጃ በደረጃ

የርቀት ሥራ ማዕከል ማለት ለሩቅ አሠሪ በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች ወንበር ተከራይተው የሚሠሩበት ቤት ነው። ታሪኩ ብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ቀለም ይቀባል፣ ሃያ ኮምፒውተር ይደረደራል፣ ሪባን ይቆረጣል። አንድ ሰሞን ልጆች ፌስቡክ ያዩበታል። ከዚያ የኢንተርኔቱ ሂሳብ ሳይከፈል ይቀራል፣ በሩም ይቆለፋል።

ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቤቱ ነው። መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ግን ሠራተኛው ነው፤ ቀጥሎ መስመሩ፣ ቀጥሎ መብራቱ። ቤቱ አራተኛ ነው። ይህ መመሪያ 12 ወንበር ላለው ማዕከል የተጻፈ ነው። ከዚያ በላይ አስባችሁ ከሆነ ለጊዜው ቀንሱት።

## ደረጃ 1፦ ሠራተኛውን ፈልጉ

1. አሁን በከተማው ውስጥ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚያገኘውን ሁሉ በስም መዝግቡ። አይጠፋም። ለአዲስ አበባ ድርጅት ሂሳብ የሚሠራ፣ ትርጉም የምትሠራ መምህርት፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ኮድ የሚጽፍ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከመኝታ ቤታቸው፣ በሞባይል ዳታ ነው። ለዚህ ነው የማይታዩት።

2. ሁለተኛ ዝርዝር አውጡ፦ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሄደው የሚሠሩ የከተማው ልጆች። የቤት ኪራይ ያስመረራቸው አሉ። አሠሪያቸው ከፈቀደ በወር ሁለት ሳምንት እንኳ ቤተሰባቸው ጋ ሆነው መሥራት የሚፈልጉ አሉ። በዓል ሲመጡ ጠብቃችሁ አነጋግሯቸው።

3. ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «የመጀመሪያውን ወር አሁን ትከፍላላችሁ?» «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ በርቱ» የሚል መልስ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ቀብድ የከፈለ ነው። ቀብዱ እናንተ ኪስ አይግባ፤ ሰፈሩ የሚያምነው የእቁብ ሰብሳቢ ካለ እሱ ዘንድ ይቀመጥ። ማዕከሉ ካልተከፈተ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ለ12 ወንበር ቢያንስ 6 ቀብድ ያስፈልጋል።

ስድስት ካልሞላ፦ ቤት አትከራዩ። መጀመሪያ ሥራ አምጡ። ስልጠና ብቻውን አይበቃም። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የመንግሥት ስልጠና በነፃ በኢንተርኔት የሚወሰድ ነው፣ ክፍት ከሆነ ውሰዱት፤ ግን ሰርተፍኬት ደሞዝ አይከፍልም። ይልቅ ለሦስት ሰው የሚሆን ሥራ የሚሰጥ አንድ ደንበኛ አዲስ አበባ ፈልጉ። የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተቀዳ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ለደንበኞች በቴሌግራም መልስ መስጠት፣ የደረሰኝ ምዝገባ። የውጭ ደንበኛ ያጓጓል፤ የአገር ውስጡ ግን ክፍያውን ለመቀበል አያስቸግርም። ብር ነው፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል።

ተጠንቀቁ፦ «መመዝገቢያ ክፈሉና ሥራ እንሰጣችኋለን» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ሌባ ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ አይጠይቅም። የእንዲህ ያለውን ሌባ ማስታወቂያ አንዴ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁት፣ ከተማው የሚያውቀው በእናንተ ስም ነው።

## ደረጃ 2፦ መስመሩን ለኩ

ቤት ሳትመርጡ መስመር ፈልጉ። ፋይበር (ኢንተርኔት በብርሃን የሚያደርሰው ገመድ) ከሌለበት ሰፈር ያማረ ቤት ከመከራየት፣ ፋይበር ካለበት አጠገብ ደሳሳ ቤት ይሻላል።

1. ፋይበሩ የት ድረስ እንደደረሰ አጣሩ። ቀላሉ መንገድ፦ የባንክ ቅርንጫፉ፣ ሆስፒታሉ ወይም ኮሌጁ በምን እንደሚጠቀም ጠይቁ። በፋይበር ከሆነ ፍለጋችሁን በዚያ ዙሪያ አድርጉት።

2. ኢትዮ ቴሌኮም ቢሮ ሄዳችሁ ቦታውን በትክክል አሳዩ። «ይደርሳል» የሚል የቃል መልስ አትቀበሉ። ቴክኒሻኑ ቅርብ ያለውን የማከፋፈያ ሳጥን እንዲያሳያችሁና በሳጥኑ ውስጥ ክፍት መስመር መኖሩን እንዲያረጋግጥ ጠይቁ። ሳጥኑ እያለ ክፍት መስመር የሌለበት ጊዜ አለ።

3. መጠባበቂያ መስመር ከሌላ ድርጅት ይሁን። ሳፋሪኮም በከተማችሁ ካለ ሁለተኛው እሱ ነው። ሁለት የተለያየ ሲም ከአንድ ድርጅት መያዝ መጠባበቂያ አይባልም።

4. ለሁለት ሳምንት ለኩ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። በገበያ ቀን ደግሞ ለብቻው ለኩ፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን ስለሚከፍት ሞባይል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ከሁሉም በላይ መብራት ከጠፋ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለኩ። የሞባይል ማማው የሚሠራው በራሱ ባትሪና ጀነሬተር ነው። እነሱ ካለቁ የናንተ ሶላር ምንም አያድናችሁም።

5. በእያንዳንዱ ልኬት ሦስት ቁጥር መዝግቡ፦ ዳውንሎድ (የሚወርድበት ፍጥነት)፣ አፕሎድ (የሚላክበት ፍጥነት)፣ ፒንግ (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ)። ሰው ዳውንሎዱን አይቶ ደስ ይለዋል። ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚቆራርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ አፕሎዱ ነው።

ስንት ይበቃል? አንድ መደበኛ ኤችዲ የዙም ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ ከ1 እስከ 1.5 ሜጋ (ሜጋቢት በሰከንድ) ይፈልጋል። ከፍተኛ ጥራት ካደረጉት ከ3 እስከ 4 ሜጋ ይሆናል። 12 ሰው ኖሮ ስድስቱ በአንዴ ቢደውሉ ወደ 9 ሜጋ አፕሎድ ነው። ፋይል የሚልክም ስላለ እጥፉን ያዙ። እንግዲህ በመጥፎው ሰዓት 20 ሜጋ አፕሎድ ካገኛችሁ ትሠራላችሁ። ፒንጉ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ የሚቆይ ከሆነ ጽሑፍና ዲዛይን ይሠራበታል፤ የስልክ ደንበኛ አገልግሎት ግን አትያዙበት።

ፋይበር ጭራሽ ከሌለ፦ በ4ጂ ራውተር ጀምሩ። አንቴናውን ጣሪያ ላይ አውጥታችሁ ወደ ማማው አዙሩት፤ ወንበሩንም ወደ 5 ቀንሱ። የሳተላይት ዕቃ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ፣ ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ዕቃው ጉምሩክ ገብቶ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ኔት በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ፦ ይህን መሸፋፈን ጥቅም የለውም። በ2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁለት ሲም መያዝ ያዳነው ሰው የለም። እንዲህ ዓይነት ስጋት ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ ለደንበኛው በውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሥራውንም ፋይሉን አውርዶ ያለ ኔት የሚሠራ ዓይነት አድርጉት። ጥድፊያ የሌለበት ትርጉም ይህን ይችላል። የቀጥታ የደንበኛ አገልግሎት አይችልም።

## ደረጃ 3፦ መብራቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ሰው «ሁሉንም የሚያስነሳ ሶላር» ይጠይቃል፣ ዋጋው ሲነገረው ሐሳቡን ይተወዋል። ሁሉንም ማስነሳት አያስፈልግም። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ መትረፍ ያለበት ኔትወርኩ ነው።

1. ለኔትወርኩ የብቻው መስመር ዘርጉ። የፋይበር ሳጥኑ፣ ራውተሩ፣ ማከፋፈያ ስዊቹና አራት አምፖል አንድ ላይ ከ75 ዋት ብዙም አያልፉም። ለ8 ሰዓት 600 ዋት ሰዓት ማለት ነው።

2. ለዚህ ባትሪ ምረጡ። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ ሰማንያ በመቶውን ብትጠቀሙና ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው) የሚበላውን ብትቀንሱ እንኳ 8 ሰዓቱን ይችላል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለዚህ አይበቃም። አሲድ ከሆነ ቢያንስ 150 አምፒር ሰዓት ያዙ። የመኪና ባትሪ አትግዙ። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ለመስጠት አይደለም።

3. ላፕቶፖቹን ሁለተኛ ደረጃ አድርጉ። 12 ላፕቶፕ በ50 ዋት 600 ዋት ነው። ኔትወርኩን ጨምራችሁ ለ4 ሰዓት ስታሰሉት ወደ 2,700 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ለዚያ ከ4,000 ዋት ሰዓት የማያንስ ሊቲየም ባትሪ ያስፈልጋል። ይህን በሁለተኛው ዓመት፣ ከገቢ ግዙት። እስከዚያው ዴስክቶፕ አታስገቡ።

4. መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ኃይል ፍሩ። ዕቃ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ መግቢያው ላይ አስገጥሙ። የመሬት ሽቦ መኖሩን ኤሌክትሪሺያኑ ለክቶ ያሳያችሁ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ግድግዳው ላይ ስላለ ብቻ የመሬት ሽቦ አለ ማለት አይደለም።

5. ከአሜሪካ የተላከ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ካለ ስጋት የለም። ፕሪንተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ዕቃውን የሚይዝ የባትሪ ሳጥን) ግን 120 ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል። እሱን 220 ላይ ስትሰኩት ጭስ ታያላችሁ። ዲያስፖራ ዘመዶች በቅን ልብ የሚልኩት ዩፒኤስ እዚህ ለምንም አይሆንም፤ ላፕቶፕ እንዲልኩ ንገሯቸው።

## ደረጃ 4፦ አሁን ቤቱን ተከራዩ

አዲስ አትገንቡ። በአየርላንድ ስኪበሪን የምትባል ትንሽ ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሉድጌት የተባለ ማዕከል የተሠራው በድሮ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሥራ ያቆመ የወጣት ማዕከል ወይም ባዶ የቀበሌ አዳራሽ ሊገኝ ይችላል። የመንግሥት ቤት ከሆነ ግን ቢያንስ ለ3 ዓመት የተፈረመ ውል ያዙ። ኃላፊ ሲቀየር «ለስብሰባ እንፈልገዋለን» ይመጣል።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ፦

* ወፍጮ ቤት። በአንድ ትራንስፎርመር የምትጋሩት ወፍጮ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ሶኬቱ ላይ ሰክታችሁ ወፍጮው እስኪነሳ ጠብቁ። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ከ220 ወደ 180 ከወረደ፣ በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው። ራውተሩ እየጠፋ ሊነሳ ይችላል፣ እናንተም ቴሌን ትወቅሳላችሁ።
* ድምፅ። መናኸሪያ፣ ሙዚቃ ቤት፣ ብረታ ብረት ሥራ። በሥራ ሰዓት ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።
* መጸዳጃ ቤት። ለሴቶች የብቻ፣ የሚቆለፍ፣ ውኃ ያለው። ይህ ሲጎድል ሴቶቹ ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ እናንተም «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ትላላችሁ።
* ጣሪያ። ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው ዝናብ ሲመጣ ስብሰባ የለም።

አንዱን ጥግ በፍራሽ ስፖንጅና በወፍራም መጋረጃ ሸፍናችሁ የስልክ ክፍል አድርጉት። ወንበሩ ጀርባ ያለው ይሁን። ስለ ዕቃው ሌላ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የከተማው አናጺ ይሠራዋል።

## ደረጃ 5፦ ዋይፋዩን ከፋፍሉ

ሁለት ኔትወርክ ይኑር፤ አንዱ ለአባላት፣ አንዱ ለእንግዳ። የአባላቱን ፓስወርድ በየወሩ ቀይሩ። ለእያንዳንዱ ሰው የፍጥነት ጣሪያ ማስቀመጥ የሚችል ራውተር ግዙ፤ ማይክሮቲክ የተባለውን ራውተር ማስተካከል የሚችል ልጅ በከተማው ካለ እሱን ያዙት። ያለ ጣሪያ አንድ ሰው ዊንዶውሱን ሲያድስ የሌሎቹ ሁሉ ስብሰባ ይቆራረጣል። ማደሻውን ለሌሊት አድርጉት።

የደንበኛ ሰነድ የሚሠራበት ኮምፒውተር በጋራ አይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መታወቂያና የባንክ መረጃ ከማዕከሉ ካፈተለከ «አላወቅንም» አይሠራም።

## ደረጃ 6፦ ሂሳቡን በባዶ ወንበር አስሉ

የወር ወጪውን ደምሩ፦ ኪራይ፣ ሁለቱ መስመር፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ለባትሪ መተኪያ የሚጠራቀም። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል።

ድምሩን ለ12 አታካፍሉ። ለ7 አካፍሉ። ለምሳሌ ወጪው 36,000 ብር ቢሆን፣ በ12 ሲካፈል 3,000 ይመጣል፤ ደስ ይላል፣ ግን ወንበሩ ሁሉ የሚሞላበት ወር እምብዛም ነው። በ7 ሲካፈል 5,100 ብር ግድም ነው። ይህን የሚከፍል ሰው ከሌለ ወጪውን ቀንሱ እንጂ ሰው እንደሚበዛ ተስፋ አታድርጉ።

የእርዳታ ድርጅት ኪራዩን ሊከፍል ከመጣ እምቢ አትበሉ፤ ግን ለዕቃ እንዲያውለው ለምኑት። ለኪራይ የሚሰጥ ገንዘብ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ባትሪው ግን ይቀራል።

## ደረጃ 7፦ ፈቃድና የውጭ ክፍያ

ንግድ ፈቃድና ቲን ከመክፈቻው በፊት ይለቅ። ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በየትኛው የሥራ መስክ እንደሚመዘግባችሁ ጠይቁ። ኢንተርኔት መልሶ መሸጥና ወንበር ማከራየት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ቀድማችሁ አጣሩ።

ከውጭ የሚከፈላቸው አባላት ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ የውጭ ደሞዝ ወይም ገቢ የሚገባበት የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ይችላሉ። የሚጠየቀው ወረቀት ምን እንደሆነ ከባንኩ አንድ በአንድ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሥራ ውሉን ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አታድርጉ፦ ውጭ ባለ ዘመድ ስም በፍሪላንስ ድረ ገጽ (የግል ሥራ በሚገኝበት) ላይ በተከፈተ አካውንት መሥራት። ድረ ገጾቹ አካውንት መዋዋስን ይከለክላሉ። ሲያውቁት ይዘጉታል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ሊታገድ ይችላል። ያኔ ዘመዱም ልጁም አኩርፈው፣ ሽምግልናው እናንተ ጋ ይመጣል።

## ደረጃ 8፦ የሌሊቱን ሰዓት አስቡበት

የደንበኛው ሰዓት የማዕከሉን ሰዓት ይወስናል። ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሥራ ሲገባ፣ በእነሱ የሙቀት ወራት እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በብርድ ወራታቸው 11 ሰዓት። የሚወጡት ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ነው። ባጃጅ የለም። ጅብ ያለበት ከተማም አለ። በርሊን ግን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚለየን፤ ማታ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የአውሮፓና የአገር ውስጥ ደንበኛ ይቅደም። የአሜሪካ ሥራ ከመጣ ደግሞ ከአንድ ባለባጃጅ ጋር የወር ውል ግቡ፤ ወጪውን በደንበኛው ዋጋ ላይ ጨምሩት። ሴቶቹ «ችግር የለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ቢሉም አትቀበሉ።

## ደረጃ 9፦ ገንዘቡ ከተማው ውስጥ ይዙር

ማዕከሉ ውስጥ ካፌ አትክፈቱ። ቡናውን ከጎረቤት ጀበና ቡና እዘዙ፣ ምሳውን ከሰፈሩ ምግብ ቤት በወር ተነጋገሩ። 12 ሰው በየቀኑ ምሳ ሲበላ ለአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከተማው ማዕከሉን የኔ የሚለው ያኔ ነው፤ ሌሊት ገመድ የሚቆርጥ ሌባ ሲመጣም የሚጮህላችሁ ያ ጎረቤት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በነፃ ክፈቱ። በአዘቦት ቀን ግን አትቀላቅሉ። ከፋዩ ሰው ጸጥታ ነው የገዛው።

## ሪባኑ ቆይቶ ይቆረጥ

ለ30 ቀን ያለ ምረቃ ሥሩ። በየቀኑ መብራት የጠፋበትን፣ ኔት የተቋረጠበትንና የተገኘውን ሰው ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ባለሥልጣን የምትጋብዙት ደብተሩ ደህና ከሆነ በኋላ ነው።

## ሲበላሽ

ኔቱ ማታ ማታ ብቻ ይሞታል። መስመሩን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ላፕቶፕ በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ለኩ። በገመድ ደህና ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ ራውተሩን ከፍ አድርጉ፣ ከብረት መደርደሪያ አርቁት። በገመድም ካልሠራ የሁለት ሳምንቱን ልኬት ይዛችሁ ቴሌ ሂዱ። ቁጥር የያዘ ሰው ቶሎ ይሰማል።

ባትሪው በሦስት ወር ደከመ። አንድ ሰው የውኃ ማፍያ ሰክቶበታል። ቡና ማፍያም ሊሆን ይችላል። ለኔትወርኩ የተለየውን ሶኬት በቀይ ቀለም ቀቡና ቆልፉት።

አባል ክፍያ አዘገየ። የመጀመሪያው ሳምንት ይታለፋል። በሁለተኛው ፓስወርዱ ይቀየራል። ዝምድና ቢኖርም ያው ነው፤ ይህን ደንብ ከመክፈታችሁ በፊት ሁሉም ይፈርምበት።

ከስድስት ወር በኋላ ከፋዩ ከአምስት በታች ነው። አዳራሹን ልቀቁና ወደ አንድ ክፍል ግቡ፤ መስመሩን ይዛችሁ። እሱም ካልሆነ ዝጉት። በእርዳታ የመጣው ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ የተያዘ ይሁን፤ አለበለዚያ ጸብ ይሆናል። ሊቲየም ባትሪው እስኪተላለፍ ድረስ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከኢንቨርተሩ ተነቅሎ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ።